ክረምቱን ላብ (የምርምር ላቦራቶሪ) ውስጥ ማሳለፍ የምንፈልግ ተማሪዎች ወዴት እንሂድ?

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ የ3ኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት ምርምር እማራለሁ ብዬ አገር ቤት ሳልሄድ አክስቴ ጋ ቀጨኔ ተቀመጥኩ። የትብብር ደብዳቤ አጻፍኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ከአንዱ መዝገብ ቤት ወደ ሌላው ስንከራተት ሦስት ሳምንት አለቀ። ሰኞ ነይ ሲሉኝ ሰኞ ሄድኩ። ሰኞ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ አንድ ላብ ተቀበለኝ። ስሙን አልናገርም፣ አትጠይቁኝ። እዚያ ስድስት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት የናሙና ቲዩብ ላይ ቁጥር መጻፍ ነው። ፒፔት፣ የፈሳሽ መለኪያዋን፣ የያዝኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ውሃ ለመለካት።

ይሄ ሁሉ የሕክምና ምርምር ተቋም ባለበት ከተማ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በክረምት ኑና ተማሩ ተብሎ ሲጠራ አይቼ አላውቅም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። እዚህ ማን ይቀበላል? ውጭ አገርስ ለእኛ ክፍት የሆነ አለ? ያለ ክፍያ መሥራትስ ልክ ነው?

ይህን የጻፍኩት ኅዳር ላይ ነበር። አሁን ጥር ነው፣ መልሱም 29 ደርሷል። አድሚኑ ለአዲስ ገቢዎች ጠቅለል አድርገሽ አስቀምጪው ስላለኝ እንደገባኝ እተርከዋለሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ተራ ቁጥሮች ናቸው።

ቁጥር 1 አንዲት ነጥብ አስቀምጦ ሄደ። ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት፣ ልከታተል ነው ማለቱ ነው። ይመቸው።

ቁጥር 2 ቁም ነገር ይዛ መጣች። የላብ ቴክኖሎጂስት ነች። ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ስላለው ስለ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው የጻፈችው። እዚያ በብዛት የሚሠሩት የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች እንደሆኑ፣ እንደኛ ያለው የሚገባው በማስታወቂያ ሳይሆን በሰው እንደሆነ ነገረችን። በሰው ስትል በዘመድ ማለቷ አይደለም። የአንድን ተመራማሪ ጽሑፍ አንብቦ፣ ስለዚያው ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዞ መቅረብ ማለቷ ነው። ሳያነቡ መሄድ ምን እንደሚያመጣም ምሳሌ ሰጠች። ተቋሙ የተሰየመው በፈረንጅ 1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ያን ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ላብ ውስጥ በሳህን ላይ ማሳደግ የቻለ ሰው የለም። አንድ ልጅ ግን ክረምቱን እሱን በሳህን እያሳደግኩ ላሳልፍ ብሎ ማመልከቻ ጽፎ ያውቃል አለች። ልጁን አልስቅበትም። እኔም ይህን ያወቅኩት ከእሷ ነው። ተቋሙ በ1962 እንደተመሠረተ ጠቅሳ ጨረሰች።

ቁጥር 3 ያቺን ዓመት አንቆ ያዘ። 1970 ነው፣ ሳታጣሩ ባትጽፉ ምን አለበት ብሎ ተቆጣ። ቁጥር 4 ደግሞ ሁለቱም ልክ እንደሆኑ፣ አንዷ በኢትዮጵያ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደጻፉ ነግሮ ገላገላቸው። ቁጥር 3 ይቅርታ አልጠየቀም። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ በኋላ ብዙ ሰው ያለቀሰው በዚሁ የቀን ጉዳይ ነው።

ቁጥር 5 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ጠቆመ። ታክሲ ውስጥ ይህን ሙሉ ስም ብትጠሩ ረዳቱ አፍጥጦ ያያችኋል፣ ፓስተር በሉ አለን። የከተማው ሰው እስካሁን በድሮ ስሙ ነው የሚጠራው። በቁጥር 2 ምክር ላይም አንድ ነገር ጨመረ። የትብብር ደብዳቤው ላይ ለሚመለከተው ሁሉ ከሚል ይልቅ የክፍሉ ስም ቢጻፍ፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ አይተኛም።

ቁጥር 6 ረጅሙን ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስላለው ስለ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ጀምሮ፣ ተቋሙ የተሰየመበት ሰውዬ ጋ ሲደርስ መቆም አቃተው። በ1964፣ በፈረንጅ ማለቱ ነው፣ ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ውሃው ላይ ተከማችተው አየ። ከፍ ብሎ ሲያይ ግን በሕይወት አሉ። ከዚያች እይታ ተነስቶ የብዙ ዓመት ምርምር ሆነ፣ በ1989 ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኘ። የቁጥር 6 መደምደሚያ ምርምር ከማሽን ሳይሆን ከዓይን ይጀምራል፣ ስለዚህ ላብ አጣን ብላችሁ አታልቅሱ የሚል ነበር።

ቁጥር 7 ይህን አልወደደችውም። አክሊሉ ወንዙ ዳር የቆመው እንዲሁ ዓይኑን ይዞ አይደለም፣ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነው አለች። የሞተ ቀንድ አውጣ ያየ ሰው ሞልቷል፣ ምን እንዳየ ያወቀው ግን ስለሠለጠነ ነው፣ እኛም የምንለምነው ያንኑ ሥልጠና ነው። እኔ ከቁጥር 7 ጋር ነኝ። ልብስ አጣቢዎቹ ግን ከሁለቱም በፊት ያውቁ እንደነበር ቁጥር 8 አስታወሰን። እንዶዱን መርጠው ወንዝ የወረዱት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ለሦስት ቀን ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 9 ወደ ውጭ አገሩ ጥያቄ ተሻገረ። ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት፣ ጊዜ ይቆጥብላችኋል። በአሜሪካ ስማቸው የሚነሳው የክረምት ፕሮግራሞች፣ የብሔራዊ ጤና ተቋማቱ የኤንአይኤች ኢንተርንሽፕም ሆነ አርኢዩ የሚባሉት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ፕሮግራሞች፣ ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው። እኛ ብናመለክት በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንወድቃለን። ለማንኛውም አገር ተማሪ ክፍት ከሆኑት ደግሞ አራት ጠቀሰ፦ የቪየና ባዮሴንተር ሳመር ስኩል፣ እዚያው ኦስትሪያ ያለው ኢስተርንሽፕ፣ የጃፓኑ ኦኪናዋ ተቋም ኦኢስት፣ እና የሳዑዲው ካውስት ዩኒቨርሲቲ። አራቱም ለተማሪው ይከፍላሉ እንጂ አያስከፍሉም። ሁለቱ የኦስትሪያዎቹ በፈረንጅ ሳመር ብቻ ናቸው። ኦኢስት ግን በዓመት ውስጥ በሌላ ወቅትም ይቀበላል። ይህ ለእኛ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የእነሱ ሳመር ሲጀምር እኛ ሰኔ ላይ ፋይናል ፈተና ውስጥ ነን።

ቁጥር 10 ከዚህ ተነስታ አሳቀችን። ስልኳ ሳመር የሚለውን በጋ ብሎ ስለተረጎመላት፣ ማመልከቻው ገና መስሏት እስከ በጋ ስትጠብቅ ኖራለች። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። የእኛ በጋ ሲገባ እነሱ ፕሮግራሙን ጨርሰው ተማሪዎቹን ሸኝተዋል።

ቁጥር 11 ግን የሳቅ አልነበረም። ልጁ ለአንድ ፕሮግራም ሁለት ወር ተዘጋጅቷል። መዝጊያው በለንደን ሰዓት 12 ኤኤም ይላል። እሱ 12 የሚለውን እንደኛ ንጋት 12 አድርጎ አነበበው። የለንደን እኩለ ሌሊት እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሊልክ ሲል በሩ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ቁጥር 12 ለሁላችንም ሒሳቡን ሠራልን። በኒውዮርክ የጥር ሰዓት የምሽቱ 11፡59 ማለት እኛ ጋ በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡59 ነው። በቪየና ከሆነ ከሌሊቱ 7፡59። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ትራንስክሪፕታቸው ላይ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈባቸውም ሬጅስትራር ሄደው በፈረንጅ የተጻፈ ቢያወጡ ይሻላል አለ። ካልሆነ ገና በአሥራ አንድ ዓመታቸው ኮሌጅ የገቡ ሊመስሉ ነው።

ቁጥር 13 ጥቁር አንበሳ የምትማር የሕክምና ተማሪ ነች፣ ተናዳለች። ክረምት ክረምት ትላላችሁ፣ ክሊኒካል ዓመት የገባ ሰው ምን ክረምት አለው ብላ ጀመረች። ኢንተርንሽፕ በሚለው ቃልም ተማረረች። ኢንተርንሽፕ እፈልጋለሁ ብላ አንድ ቢሮ ስትገባ፣ ዋርድ ልትመደብ የመጣች ኢንተርን መስላቸው ወደ ዲን ቢሮ ላኳት። እኛ አገር ኢንተርን ማለት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነውና። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ የክረምት የምርምር ልምምድ ብላችሁ ጻፉ። ምክሯ ትክክል ነው፣ ቁጣዋም ትክክል ነው።

ከዚያ ቁጥር 14 መጣ። የጻፉት ብዙ ዓመት ላብ የመሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እዚህ ሁላችንም ጋሼ ብለናቸዋል። ልጄ ብለው ነው የጀመሩልኝ። ላቦች ተማሪ የማይቀበሉት በክፋት እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዱ። አንድ የኢላይዛ (የደም ናሙና መመርመሪያ) ሳህን 96 ጉድጓድ አለው። የመመርመሪያ ኪቱ በዶላር ተገዝቶ፣ በበረዶ መጥቶ፣ ጉምሩክ አልፎ ነው ፍሪጅ የሚገባው። ጀማሪ እጁ ተንቀጥቅጦ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ቢያፈስ፣ የሰማንያና የዘጠና በሽተኛ ናሙና ውጤት አብሮ ይበላሻል። ከሰው የተወሰደ ናሙና የሚነካ ሁሉ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ከጸደቀው ጥናት ጋር መታወቅ አለበት። ሐምሌ 1 ቀን በር ላይ ለቆመ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ማድረስ አይቻልም።

ቀጥሎ ያሉት ነገር ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወስደሻል ወይ ብለው ጠየቁ። ደምና ሴረም ላለበት ላብ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ስድስት ወር በኋላ። ሐምሌ ላይ ተዘጋጅቶ ለመገኘት ጥር ላይ መጀመር ያስፈልጋል። ማንም ይህን ነግሮኝ አያውቅም። የሥራው ዓይነትም ከክረምቱ ርዝመት ጋር ይመዘን አሉ። የቲቢ ካልቸር፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት ማለት ነው፣ በጠጣር ሚዲያ (ማሳደጊያ ምግብ) ላይ እድገት የለውም ተብሎ እስኪዘጋ 8 ሳምንት ይጠበቃል። ስለዚህ ክረምት ላይ የዘራ ተማሪ ውጤቱን ሳያይ ለአዲሱ ዓመት ትምህርት ይመዘገባል። በምትኩ የሰገራ ናሙና ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ አዘጋጅቶ የትል እንቁላል መቁጠር ጥሩ መጀመሪያ ነው። የሰገራ መለኪያው ሞልድ 41.7 ሚሊግራም ይይዛል፣ ስላይዱ በዚያው ቀን ይነበባል፣ ስህተትም ቢኖር ሁለተኛ ሰው ደግሞ ያየዋል። ያምራል ወይ? አያምርም። ግን የራስሽ ቁጥር ይኖርሻል አሉኝ።

ክሩ የጋለው ከቁጥር 15 ጀምሮ ነው። ከወሎ የመጣ ልጅ ነው፣ ያለ ክፍያ ስለመሥራት ያነሳሁትን ይዞ ሁላችንንም ገረፈን። ክረምት ላይ ዶርም ይዘጋል፣ ካፌ ይዘጋል። አዲስ አበባ ቤተሰብ የሌለው ተማሪ ሁለት ወር የት አድሮ ምን በልቶ ነው በነጻ የሚለማመደው? ስለዚህ ይህ ዕድል የሚባለው የአዲስ አበባ ልጆችና አክስት ያላቸው ሰዎች ዕድል ነው አለ። አክስት ያላቸው የሚለው ለእኔ ነው። መልስ የለኝም፣ እውነቱን ነው።

ቁጥር 16 በድሮው መንገድ መለሰለት። እነሱ ጠርሙስ እያጠቡ ነው ያደጉት፣ የአሁን ልጅ ግን ገና ሳይገባ ደሞዝ ይጠይቃል። ቁጥር 17 ጠርሙስ ማጠብ ለሳይንስ አስፈላጊ መሆኑ ለምን በነጻ እንደሚታጠብ አያስረዳም አለችው። ቁጥር 18 የጻፈውን አድሚኑ አጥፍቶታል። አይቼው ነበር፣ መጥፋቱ ጥሩ ነው። ቁጥር 19 ለማብረድ ፈልጎ ይመስለኛል፣ ፕሮጀክቶች በጀት ሲጽፉ የአንድ ተማሪ የትራንስፖርትና የምሳ ገንዘብ ቢያስገቡ ከአንድ ኪት ዋጋ እንደማይበልጥ ገመተ። ጋሼ ብቅ ብለው በዚህ ተስማሙ፣ እሳቸውም ይህን ባለማድረጋቸው እንደሚቆጫቸው በአንድ መስመር ጽፈው ሄዱ። እንዲህ የሚል አለቃ ስንቱ አለው?

ቁጥር 21 አገሩ ለሚገባ ተማሪ መፍትሔ አለኝ ብሎ ባዮኢንፎርማቲክስን፣ የባዮሎጂ መረጃን በኮምፒውተር መተንተንን፣ አመጣ። ላፕቶፕ፣ በነጻ የሚገኘው አር የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በነጻ የተከፈተው የአሜሪካው ኤንሲቢአይ የዲኤንኤ መረጃ ቋት። የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች ደግሞ ዩኒቨርሲቲያችሁ የተመዘገበ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ሂናሪ የተባለ አገልግሎት በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ማንበብ ይቻላል። ቁጥር 22 መብራት በሌለበት ምን ላፕቶፕ አለ አለ፣ ደግሞም ኮምፒውተር መጎርጎር ባዮሜዲካል ምርምር አይደለም ብሎ ዘጋው። ቁጥር 23 አልተወችውም። ከደቡብ እስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2016 በፈረንጅ፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ስትገኝ ማንነቷ የተረጋገጠው መልኳ ከዲኤንኤዋ ጋር ታይቶ መሆኑን ነገረችው። ትንኟ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባ በ2022 ድሬዳዋ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ ስሟ አብሮ ተነስቷል። ኮምፒውተር የሚጎረጉር ሰው ባይኖር ሌላ ትንኝ ናት ብለን ነበር። ቁጥር 22 ስለ መብራቱ የተናገረው ግን ልክ መሆኑን አመነችለት።

ቁጥር 24 የምርምር ሰርተፍኬትና የታተመ ጽሑፍ በሁለት ሳምንት፣ ክፍያ በቴሌብር የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ተባረረ። ገንዘብ ከፍላችሁ ስማችሁን ያልሠራችሁት ጽሑፍ ላይ አታስገቡ፣ ኋላ መልሶ ይበላችኋል።

ቁጥር 25 ጉዳዩን ጥሎ አምስት ኪሎ ሙዚየሙ አካባቢ ጥሩ ማኪያቶ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ለእሱ በአንድ ሰዓት አራት ሰው መለሰለት፣ አድሚኑ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዳቸው። ለእኔ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ሁለት ቀን ነው የፈጀው።

ቁጥር 26 ባለፈው ክረምት የተሳካለት ልጅ ነው። 23 ኢሜል ጽፎ ለአንዱ ብቻ ነው መልስ ያገኘው። ሁሉም ለፕሮፌሰሮች ነበሩ፣ መልስ የሰጠችው ግን አንድ ፕሮፌሰር ኢሜሉን ያስተላለፉላት የፒኤችዲ ተማሪ ነች። ያኔ ገባው። ፕሮፌሰር ክረምት ላይ ወይ ጉዞ ላይ ነው ወይ ሪፖርት ላይ። የፒኤችዲ ተማሪ ግን ናሙና እየሰበሰበ፣ እጅ አጥሮት፣ ምሳ ሳይበላ የሚውለው ያኔ ነው። የእነሱ ስም የጽሑፎቹ መጀመሪያ ላይ ነው የሚገኘው። ከተቻለ በግንቦት ጻፉ፣ አንድ ገጽ እንኳ አትሙሉ፣ ስንት ሳምንት ነጻ እንደሆናችሁና ማይክሮስኮፕ ነክታችሁ እንደምታውቁ ብቻ ተናገሩ አለ። ከሁሉም መልስ እኔ ልሞክረው ያሰብኩት ይህን ነው።

ቁጥር 27 ስለ ሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ጻፈች፣ አጭር ነው። የውጮቹ ከመምህሩ የዩኒቨርሲቲ ኢሜል እንዲላክ ይፈልጋሉ፣ የእኛ መምህራን ደግሞ ያን ኢሜል አይከፍቱትም። ሄዳችሁ በር ላይ ጠብቁ፣ ሲቪያችሁን አትማችሁ ያዙ።

ቁጥር 28 ያልኩትን ሳይሰማ ያ ላብ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀኝ። አልናገርም ብያለሁ።

ቁጥር 29 ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ማን እንደሆነች አላውቅም። አንድ የተሳሳተ ቁጥር የአንድን ሰው ውጤት ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ ስለዚህ ቲዩብ ላይ መጻፍ ለማንም ዝም ብሎ የማይሰጥ ሥራ እንደሆነ በጨዋነት ጻፈች። መጀመሪያ ተናደድኩ። ይህን ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ስድስት ሳምንት ሙሉ ለምን እንደምጽፍ ያስረዳኝ የለም፣ በዚህ አሁንም ቅር ይለኛል። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአራተኛው ሳምንት ሁለት ቲዩብ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው አግኝቼ ለቴክኒሻኑ አሳይቼው ነበር። እሺ ብሎ ዝም አለኝ። በማግስቱ ስገባ የዚያ ሳጥን ዝርዝር በሙሉ እንደገና ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያኔ ከእኔ ጋር አላገናኘሁትም።

ጋሼ ለጠየቁኝ፦ የመጀመሪያውን ክትባት ጥር 6 ወስጃለሁ። ሁለተኛው የካቲት 6 ነው፣ ሦስተኛው ሐምሌ 6። ካርዴ ላይ ቀኑን የጻፉልኝ በፈረንጅ ነው፣ እኔ ጎኑ ላይ በእኛ ጨምሬበታለሁ።